የእኔ አውሮፕላንና የእህቴ ጆሮ

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ እኔ አዙሮ ሲመጣ ግራዬ ቀኝ፣ ቀኜ ግራ ይሆናል። ከሁሉም ያስቸገረኝ ይህ ነበር። እየራቀ ሲሄድ ማንም ያበርረዋል፤ ሲመለስ ነው እጅ የሚምታታው።

ያስተማረኝ በዓረብ አገር ተቀጥሬ የሠራሁበት ቤት የመጨረሻ ልጅ ነው። ከመኪና አደጋ በኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም። በሳምንት አንድ ቀን ሾፌሩ ከከተማው ውጭ ወዳለ ጠፍ መሬት ይወስደናል። እሱ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በሪሞት ያበርራል፤ እኔ አውሮፕላኑን ተሸክሜ ወስጄ እለቃለሁ፣ ሲወድቅ ሮጬ አነሳለሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ አውሮፕላኑ በወደቀ ቁጥር ትስቅ ነበር አሉ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ትምህርቴንም ከስምንተኛ ሳላልፍ ነው ትቼ የሄድኩት። እዚያ አሸዋ ላይ ግን መናገር አያስፈልግም ነበር። አንድ ቀን እጁ ደክሞት ሪሞቱን ሰጠኝ። ወዲያው አውሮፕላኑን ከመሬት ጋር አላተምኩት። ይቆጣል ብዬ ራሴን ሸፈንኩ። አልተቆጣም።

«ወደ አንቺ ሲመጣ ግራና ቀኝ አታስቢ» አለኝ። «የትኛው ክንፍ ነው የወደቀው? ጣትሽን ወደዚያ ግፊ። ከሥር እንደምትደግፊው አድርገሽ አስቢ።»

ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ ማሰብ ተውኩ። የወደቀውን ክንፍ ብቻ ፈልጌ እደግፈዋለሁ። ቀስ በቀስ ሌላውንም አሳየኝ። ወደ ላይ ወጥቶ በጀርባው ተገልብጦ ክብ ሠርቶ መመለስ። እየሄዱ እንደ በርሜል መንከባለል። በጀርባ ተኝቶ መብረር። የፈረንጅ ስማቸውን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን በራሴ አማርኛ ነው የምይዛቸው። ከሁሉም የሚከብደውን ማንጠልጠል እለዋለሁ። አውሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ፣ አፍንጫው ላይ ባለችው ማራገቢያ ጉልበት ብቻ አየር ላይ ማቆም ነው። አይወጣም፣ አይወርድም። ጣት ለአፍታ ከሰነፈ በጅራቱ ቁልቁል ይመጣል። እሱ ሲያንጠለጥል መተንፈሱን ያቆም ነበር። እኔም አብሬው አቆማለሁ።

ውሌ ሲያልቅ ከአውሮፕላኖቹ ትንሿን ከነሪሞቷና ከባትሪዎቿ ሰጠኝ። ከስፖንጅ የተሠራች ናት፤ ክንፏ ወልቆ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የአየር ማረፊያው ፈታሾች ሻንጣዬን ሲበረብሩ አገላብጠው አዩዋትና የልጅ መጫወቻ ናት ብለው አሳለፉኝ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ሻንጣው የተከፈተ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አክስቴ ስፖንጁን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው።

«የሰው ልጅ ወርቅ ያመጣል» አለች፤ «የእኛዋ ወፍ አመጣች።»

«ተይ እቴ!» አለች እናቴ። «ራሷን ይዛ መምጣቷን አላየሽም? ያመጡት ወርቅ ከሬሳቸው ጋር የመጣ ስንቶች ናቸው?»

እኔ የማየው ግን ሌላ ነበር። ታናሽ እህቴ ልትቀበለኝ አልወጣችም። የት አለች ብዬ ስጠይቅ አባቴ ወደ ጓዳ በአገጩ አመለከተኝ። አልጋ ሥር ነበረች። አንድ ባጃጅ በራችን ላይ እያጓራ አልፎ ስለነበር።

በስልክ አልነገሩኝም ነበር። ልጅቷ አትጨነቅ፣ ሥራዋን ትሥራ ብለው ነው። ነገሩ በአንድ የገበያ ቀን የሆነ ነው። ከሰማይ ድምፅ ተሰማ፤ ድሮን ነው ተባለ። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በእኛ ገበያ ላይ ምንም አልወደቀም፤ ሰው ግን በሰው ላይ ወደቀ። እህቴ ከእናቴ እጅ ተነጥላ በጨው ነጋዴዎቹ ጆንያ መሃል ተገፍትራ ወደቀች፣ ሰው በላይዋ አለፈ። የተሰበረ አጥንቷን ወጌሻ አሰረላት። ጆሮዋን የሚያስር ግን አልተገኘም። የዝንብ ድምፅ፣ የወፍጮ ድምፅ፣ ሩቅ ዳገት የሚወጣ አይሱዙ፣ ሁሉም ያ ድምፅ ሆነባት። ትምህርት ቤት መሄድ ቀረ። ውኃ መቅዳት ቀረ። ሸሁ ዘንድ ወስደው ዱዓ አስደረጉላት። ጎረቤታችን ክርስቲያኗ ሴትዮ ጠበል አምጥታ «ጠበል ሃይማኖት አይጠይቅም» ብላ ረጨቻት። እህቴ አመሰገነች፤ ባጃጅ ሲመጣ ግን ወደ አልጋዋ ሥር ገባች።

አባቴ ሁለታችንን ሴት ልጆቹን አስቦ የሠራው ሐሳብ ነበረው። ትልቋ ዓረብ አገር ትሠራለች፣ ትንሿ ትማራለች። እኔ ድርሻዬን አድርጌ ተመለስኩ። የእሷ ዩኒፎርም ግን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ከቆየ ወራት አልፈውታል። እናቴ አቧራ እንዳይጠጣ እያለች አውርዳ ታጥበውና መልሳ ትሰቅለዋለች።

አውሮፕላኗን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኳት። እህቴ ባለችበት ቤት ላበርራት አላሰብኩም። አንድ ቀን ከሜዳ ስመለስ ግን ጓዳ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣት አገኘኋት። ማራገቢያዋን በጣቷ ቀስ እያለች ታዞራለች።

«የሚጮኸው ይኼ ነው?»

«ያኛው ሌላ ነው። ይኼ መጫወቻ ነው።»

«ይጮኻል ወይስ አይጮኽም?»

«ይጮኻል።»

«እስቲ አስጩኺው» አለች።

የአውሮፕላኗን ጅራት በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ይዤ የሞተሯን ኃይል በሪሞቱ በጣም ትንሽ ከፈትኩ። እህቴ ቀሚሴን ጨመደደች። ላቧ በግንባሯ ወረደ። «አጥፊው!» አለች፤ አጠፋሁ። ከዚያ ትንፋሿ ሳይመለስ «እንደገና» አለች። እኔ አይደለሁም ያሰብኩት፤ ራሷ ናት የጀመረችው።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፈራ። «ዘመኑ መጫወቻ እንኳ የሚጠየቅበት ዘመን ነው» አለና አውሮፕላኗን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ቀበሌ ሄደ። እዚያ ያሉት ሰዎች ተቀባበሏት።

«ይኼ ወፍ እንቁላል ይጥላል?» አለ አንዱ።

«ካልጣለ እንረደው» አለ ሌላው።

ሥራ አቁመው ሳቁ። ካሜራ እንደሌላት፣ ከስፖንጅ እንደሆነች አይተው መለሱልን። «ከከተማ ራቁ፣ ከሰው ራቁ። ሌላው የአላህ ነው» አሉን። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ስንመለስ አባቴ «ምላስሽን እዚያው ዓረብ አገር ነው የተውሽው?» አለኝ። እሱም ያን ቀን ትንሽ ደስ ብሎት ነበር።

ከመንደራችን በታች፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ገደል ሊያዘቀዝቅ ሲጀምር፣ ሦስት ወገኑን በዳገት የተከበበ ሣራማ ጎድጓዳ አለ። ሰው አይዘራበትም፣ ውኃ ይተኛበታል። ድምፅ ከዚያ አይወጣም ብለን ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ እዚያ መውረድ ጀመርን። እህቴ መጀመሪያ ከአንድ ጥድ ሥር ጆሮዋን በሻሿ አስራ ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ ትቀመጥ ነበር። ቀጥሎ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ ሻሹን ፈታች።

እኔም የራሴ ችግር ነበረብኝ። አሸዋው ላይ የማደርገው ሁሉ እዚህ እምቢ አለኝ። ክቡን ስትሠራ ጫፉ ላይ ጉልበት ያጥራትና ትወድቃለች። ማንጠልጠል ጨርሶ አልሆን አለ። ባትሪው ነው ብዬ በሌላው ቀየርኩ፣ ያው ነው። ኋላ የገባኝ ራሴን ሳስታውስ ነው። ከዓረብ አገር እንደመጣሁ ዳገት ስወጣ ደረቴ ይጠብ ነበር። የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ለእኔ አልበቃኝ ብሎ እንደነበረ ለአውሮፕላኗ ማራገቢያም አይበቃም። እዚያ በግማሽ ጉልበት የምትንጠለጠለው እዚህ ሙሉ ጉልበት ትፈልጋለች። ሙሉ ጉልበት ሲሰጣት ደግሞ ድምፅዋ ይለወጣል። ማጓራቷ ቀርቶ ቀጭን ጩኸት ትጮኻለች።

ስትወድቅ ክንፏ ይሰነጠቃል። ማታ በማጣበቂያ አጣብቄ በፕላስተር እጠቀልላታለሁ። ቀስ በቀስ የተጠመጠመ ቁስለኛ መሰለች። አንደኛው ባትሪ ማበጥ ጀመረ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሌላ የሚገኝ አይደለም። እንደማይቆይ አውቅ ነበር። ቢሆንም በየጠዋቱ ማንጠልጠሉን እሞክራለሁ፤ እህቴ ከጥዱ ሥር ሆና ትፈርዳለች።

«የሰከረ ሰው ይመስላል።»

«ዝም በይ፣ እየያዝኩት ነው።»

«ወላሂ ወደ ቁጥቋጦው እየሄደ ነው። ይኸው! ይኸው ገባልሽ!»

ሳቀች። አውሮፕላኗ እሾህ ውስጥ ገብታ ጅራቷ ብቻ ይታያል፤ እህቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያቺን ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ አስታወስኩ። እዚያ ቤት በሳቅ ከሥራ ይባረራል። እኔ ግን እህቴ እስክትጨርስ ድረስ አውሮፕላኗን ላወጣ አልሄድኩም።

ኋላ ሪሞቱን ሰጠኋት። አውሮፕላኗ ወደ እሷ ስትመጣ ግራ ገባት፤ ጣቷ ተሳከረ። «የወደቀው ክንፍ የቱ ነው? ደግፊው!» አልኳት። ደገፈችው። ክንፉ ቀና አለ። አየችኝ፤ ፊቷ ከገበያው ቀን በፊት የነበረው ፊት ነበር።

ያን ሰሞን ምግብ ላይ ድንገት «ትምህርት ሲከፈት እሄዳለሁ» አለች። እናቴ የያዘችውን ጣለች። አባቴ «ኢንሻአላህ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዓይኑን እንድናይበት አልፈለገም። እህቴ ግን አንድ ነገር ይቀረኛል አለች።

«እስካሁን እያየሁት ነው የምሰማው። ያ ሲመጣ ግን አይታይም'ኮ። ሳላየው ልስማው።»

እንዲህ ተስማማን። እኔ ጎድጓዳው ውስጥ አበርራለሁ። እሷ ዳገቱን ወጥታ ከሸንተረሩ ማዶ፣ አውሮፕላኗን ከማታይበት ትቆማለች። ከቻለችው፣ ጸጥ ሲል ሸንተረሩ ላይ ወጥታ ሻሿን ታውለበልብልኛለች። ካልቻለችው ሮጣ ወደ እኔ ትመጣለች። የመጀመሪያውን ቀን ሮጣ መጣች። በሚቀጥለውም መጣች፤ ግን በእርምጃ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻሹ ሸንተረሩ ላይ ሲውለበለብ አየሁ። ብቻዬን ሆኜ እጄን አጨበጨብኩ።

የቀብሩ ቀን ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ነው። የላይኛው መንደር አንዲት አሮጊት ከንጋት በፊት ሞተው ነበር። በእኛ ሟች አይቆይም፤ ታጥቦ ተከፍኖ ወዲያው ይቀበራል። ወሬው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ጀናዛው ተነሥቷል። ቀብር የሚሄደው ሁልጊዜ በታችኛው መንገድ ነበር፤ ክረምቱ የወንዙን መሻገሪያ ስለቆረጠው ግን በሸንተረሩ ዞሩ። ይህን እኔም እህቴም አላወቅንም። አባቴ ቢኖር ይሰማ ነበር፤ እሱ ወደ ከላላ ገበያ ወርዷል።

እህቴ ዳገቱን ወጣች። እኔ አውሮፕላኗን ለቀቅሁ። ነፋስ የሚባል አልነበረም። አንድ ሁለት ክብ አሠራኋትና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናሁ። ሙሉ ጉልበት ሰጠኋት። ቆመች። ሌላ ቀን ወዲያው ወደ አንድ ጎን ትዘም ነበር፤ ያን ቀን ቆመች። ጣቶቼ ሳላዛቸው የምትዘምበትን ቀድመው እያወቁ ይደግፋሉ። በጩኸቷ ውስጥ ሌላ ምንም አይሰማኝም። በአገሬ አየር ላይ አንጠልጥያታለሁ። ወላሂ ከዚያ በፊት ሙሉ በሙሉ የእኔ የሆነ ነገር አድርጌ አላውቅም።

ባትሪው ሲደክም አሳረፍኳትና ወደ ሸንተረሩ ቀና አልኩ። ሻሽ የለም። ሮጣ የምትመጣም የለም። ጠበቅሁ። ከዚያ አውሮፕላኗን በብብቴ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። መንገዱ ላይ ሸበጥና ኮንጎ ጫማ እዚህም እዚያም ወድቋል። አንድ ጥምጥም ተፈትቶ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። አካፋ ወድቋል። ከጫማዎቹ አልፎ ቃሬዛው መሬት ላይ ነው፤ ጀናዛው ከነልብሱ። መንገዱ በዚያ በኩል ወደ ገደሉ ያዘነበለ ስለሆነ የቃሬዛው አንድ ጎን ወርዷል። እህቴ በወረደው በኩል ተንበርክካ በትከሻዋ ደግፋዋለች። እግሮቿ ጭቃው ውስጥ ተተክለዋል። ሁለት እጇ እንጨቱን ይዟል።

«ቶሎ በይ፣ ይንሸራተታል» አለችኝ።

አውሮፕላኗን ጥዬ ገባሁ። ሁለታችን ሆነን ቀና አደረግነው።

«ጮህኩላቸው» አለች። «የእህቴ ነው፣ የእህቴ ነው እያልኩ ጮህኩ። አልሰሙኝም። አስቀምጠዋቸው ሮጡ። እኔም ልሮጥ ነበር። ግን ብቻቸውን ናቸው። ብቻቸውን ሊተዉ ነው እንዴ?»

ሰው ከየቁጥቋጦው መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የደረሱት ክርስቲያኑ ጎረቤታችን፣ የዚያች ጠበል ያመጣችው ሴትዮ ባል ናቸው፤ በእኛ ቀብር አይቀሩም። ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ወድቃ ያለችውን አውሮፕላን አዩ። «አይ የእኛ ነገር» አሉና ሌላ ሳይጨምሩ ከእህቴ ትከሻ ሥር ገብተው እንጨቱን ተቀበሏት። ቀጥሎ የሟች የበኩር ልጅ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ባዶ እግሩን ነበር። ከእናቱ ቃሬዛ ሥር የምትወጣውን ልጅ ትከሻዋ በጭቃ ተለውሶ አየ። ከዚያ ሌላ ቦታ አየ። የፊቱን እጀታ ያዘ። «ላኢላሃ ኢለላህ» ብለው አነሡ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ሴቶች ነንና ከዚያ ቀረን። እህቴ ጫማዎቹን እየለቀመች መንገዱ ዳር ደረደረቻቸው።

በማግሥቱ ወሬው ሌላ ሆኖ መጣ። ጀናዛውን መሬት ያስጣለችው ከዓረብ አገር የመጣችው ናት። ቀጥሎ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ያቺ ትንሿ ለምን አልሮጠችም? እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቶ የማይሮጥ ጤነኛ አለ ወይ? ከሬሳ ጋር ብቻዋን ምን ስታደርግ ነበር? እህቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ገንዳውን ለቀውላት ቆሙ አሉ።

የሟች ልጅ ጉዳዩን ለአበጋሩ አቀረበ። አበጋር ማለት በእኛ አገር ደም የተቃባ እንኳ ሲኖር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን የሚያፈርስ የለም። ከመስጊዱ ጎን ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። እኔና እህቴ ከአባታችን ኋላ ነን። አውሮፕላኗ መሃል ላይ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ፕላስተሯ በየቦታው ተላጧል።

«እናቴን መሬት ላይ አስጥላኛለች» አለ ሰውዬው።

«እሷ ናት ከእጅህ የቀማችህ?» አሉት አበጋሩ።

«ድምፁ ነው።»

«ድምፁንስ ሁላችንም ሰማን። እኔም በዚህ ጉልበቴ ሮጫለሁ። እሾህ ውስጥ ነበር የገባሁት፤ ገና እየነቀልኩ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። ሰውዬው አልሳቀም።

«ሁላችሁም ሮጣችኋል» አለ። «ከመሃላችሁ እናቱን ጥሎ የሮጠ ግን የለም።»

ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ እህቴ ሳያይ «ያቺስ?» አለ። «ያቺስ ለምን አልሮጠችም? ሰው ከሆነች ለምን አልሮጠችም?»

አባቴ ሊነሣ ሲል አበጋሩ በእጃቸው አስቀመጡት። እህቴን ነይ አሏት፤ በደግ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ለምን አልሮጥሽም?»

«የእህቴ መሆኑን አውቄ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለምዳው። በየቀኑ እሰማዋለሁ።»

«ጎሽ። የእህትሽ ባይሆንስ ኖሮ?»

በክፋት አልጠየቋትም። ሰውዬው መልሱን ሰምቶ ልቡ እንዲያርፍ፣ እሷም እንደ ሰው ሁሉ እሮጥ ነበር እንድትል ነው የፈለጉት። እህቴ ግን አልመለሰችም። ቀና ብላ በወይራው ቅጠል መሃል ሰማዩን አየች። ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ስትጭነው ከኋላዋ አየሁ። ያን ሁሉ ጠዋት ጎድጓዳው ውስጥ የሠራነው ሲፈርስ አየሁ፤ የምደግፍበት ሪሞት ግን በእጄ አልነበረም። መናገር ነበረብኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም።

አበጋሩ ኋላ እኔን ለብቻ ጠሩኝ። «ጥፋት የለብሽም» አሉኝ። «ነገር ግን ይኼ ሰው የሚሰብረው ነገር ካላገኘ ራሱን ይሰብራል። አውሮፕላንሽን ትሰጪዋለሽ?»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰውዬው አውሮፕላኗን አንሥቶ በጉልበቱ ላይ ሰበራት። ስፖንጅ ሲሰበር ድምፅ የለውም። እሱ ድምፅ ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ የተሰበረውን ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ አድርጎ ይረግጣት ጀመር፤ ማራገቢያዋ ተሰበረች፣ ያም ትንሽ ድምፅ ነው። ሲደክመው ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሰውዬው የአባቴን ትከሻ ሳመ። እህቴን ግን አልሳማትም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኛት ዞሮ ነው የሚያልፈው።

በቤት ውስጥ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች። እጇን ስታጥብ፣ እሳት ስታያይዝ፣ ድንገት ዞራ «ባይሆንስ ኖሮ?» ትለኛለች። መጀመሪያ «ሆነ እኮ፣ የእኔ ነበረ» እላት ነበር። አይበቃትም። አውሮፕላኗ እያለች ድምፅ ሲሰማ ሁለት ነገር ሊሆን ይችል ነበር፤ ወይ ያ ነው፣ ወይ የእኔ ነው። አሁን ያ ብቻ ነው።

ትምህርት ተከፈተ። እናቴ ዩኒፎርሙን ከሚስማሩ አውርዳ አልጋው ላይ ዘረጋችው። እህቴ ለበሰችው። እስከ በሩ ሄደች። ሩቅ ዳገት ላይ መኪና እያጓራ ነበር፤ አይሱዙ ይሆናል። ተመልሳ ዩኒፎርሙን እንደለበሰች አልጋ ሥር ገባች። እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ መሬቱን። በማግሥቱ ዩኒፎርሙ ሚስማሩ ላይ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እውነተኛው መጣ። ቀን ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ድምፅ። ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ይሰማል። እናቴ ግድግዳው ጥግ ቁጭ ብላ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። እህቴ አልጋ ሥር ናት። እኔ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ያንቺ ነው በይኝ» አለችኝ ከሥር።

የአውሮፕላኗን መሰበር ከእኔ ጋር ቆማ አይታለች።

«የእኔ ነው» አልኳት።

«ምን እያደረገ ነው?»

ሪሞቱን ማንም አልሰበረውም፤ ካበጠው ባትሪ ጋር ሣጥን ውስጥ ነበር። አወጣሁትና የባትሪውን ሽታ እያሸተትኩ ጣቶቼን የሪሞቱ መሪ ዘንጎች ላይ አደረግሁ።

«ተንጠልጥሏል።»

«እየወደቀ ነው?»

«ትንሽ። በግራ በኩል።»

«ደግፊው» አለችኝ።

ዘንጎቹ ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ይንቋቋሉ። ያን ድምፅ እንድትሰማው ሪሞቱን ወደ አልጋው ሥር አስጠጋሁት። ከላይ ያለው እስኪርቅ ድረስ እንደዚያው ደገፍኩ፤ ከሄደም በኋላ እሷ በቃሽ እስክትለኝ ድረስ።